አውደ ዓመት ከጎተራ ቀድሞ ሲመጣ



ነሐሴ አልቆ ጳጉሜን ሲብት በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ የምትገኘው የግራና ሰማይ ጠባዩን መለወጥ ይጀምራል። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናም ጎሕ ሲቀድ ያባራል። በምዕራብ በኩል የቆሙት ተራሮች ሐምሌንና ነሐሴን ከተሸፈኑበት ጉም ይገለጣሉ። ከእነዚሁ ተራሮች ተነሥተው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ የሚወርዱት ወንዞች ድፍርሳቸው እየጠራ፣ ድምፃቸውም እየቀነሰ ይሄዳል። በሜዳው ላይ ያለው ማሽላ ከሰው ቁመት በልጦ ማዘርዘር ይዟል። ከሩቅ ለሚያየው ሁሉ ነገር የጥጋብ ምልክት ይመስላል።

በቤት ውስጥ ያለው ነገር ግን ከዚህ ይለያል። የቤቱ እመቤት ወደ ማጀት ትገባና ከጭቃ የተሠራውን ጎታ በመዳፏ መታ መታ ታደርገዋለች። ጎታው እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ባዶ ሆኗል፣ ወይም ሊሆን ተቃርቧል። እስካሁን ሲበላ የከረመው እህል ባለፈው ኅዳርና ታኅሣሥ የተሰበሰበ ነው፤ የሚመጣው ደግሞ ገና በማሳ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ወራት ቀርተዋል። አውደ ዓመት የሚገባው በዚሁ መካከል ነው።

ለከተማ ሰው ይህ ነገር ግር ሊለው ይችላል። በከተማ የአውደ ዓመት ሐሳብ በአብዛኛው የገበያ ሐሳብ ነው፤ ዶሮው ስንት ሆነ፣ ቅቤው ስንት ገባ፣ ሽንኩርቱ ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚል ነው። ለግራና ገበሬ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለው፤ እስከ ኅዳር የሚያደርስ እህል አለን ወይ የሚል ነው። ታዲያ ቤተሰብ ጎታው በጎደለበት ሰሞን ዘመንን በደስታ የሚቀበለው በምንድን ነው? የዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ወደ አንድ የግራና ቤት ይገባል።

ክረምቱ ሳይወጣ የሚመጣ ዓመት

በተለመደው አነጋገር ከመስከረም ጀምሮ ያለውን የአበባ ወቅት ጸደይ እንለዋለን። በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ግን የወቅቶቹ ስምና ድንበር እንደሚከተለው ነው። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ቀን ይቆያል። እኛ ጸደይ እያልን የምንጠራው የመስከረምና የጥቅምት ጊዜ በሊቃውንቱ ዘንድ መፀው ይባላል ማለት ነው።

ከዚህ አቆጣጠር አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር እናገኛለን። ይኸውም እንቁጣጣሽ የሚውለው ክረምቱ ከመውጣቱ በፊት መሆኑ ነው። መስከረም 1 ቀን አዲስ ዓመት ገባ ብለን ስንደሰት ክረምቱ ገና 25 ቀን ይቀረዋል። ጭቃው አልደረቀም፤ ወንዙ ገና አልጎደለም፤ ሰብሉም አልደረሰም።

ሊቃውንቱ ክረምቱን ራሱን እንደ ጠባዩ ከፋፍለው ስም ሰጥተውታል። ከነሐሴ 28 ቀን እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ ያለው ጊዜ ጎሕ፣ ነግህ፣ ጽባሕ፣ ብርሃን፣ መዓልት ይባላል። ስያሜዎቹ ሁሉ የንጋትና የብርሃን ናቸው። ንጋት ደግሞ ቀን ራሱ አይደለም፤ ቀን እንደሚመጣ የሚናገር ምስክር ነው። ጎሕ ሲቀድ ያየ ሰው ፀሐይን ገና አላያትም፤ ነገር ግን እንደምትወጣ አይጠራጠርም። የጳጉሜን ቤተሰብም እንዲሁ ነው።

የመስከረም 1 ቀን በዓል የቅዱስ ዮሐንስ መሆኑም ከዚሁ ጋር ይስማማል። መጥምቁ ዮሐንስ በብሉይና በሐዲስ መካከል የቆመ፣ የሚመጣውን አስቀድሞ ያመለከተ ነቢይ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 8 እንደምናነበውም የጥፋት ውኃ ከምድር ላይ የደረቀው በመጀመሪያው ወር በመጀመሪያው ቀን ነበር። ይሁንና ኖኅ በዚያው ቀን ከመርከቡ አልወጣም፤ ምድሪቱ ጨርሳ እስክትደርቅ ድረስ ከቤተሰቡ ጋር በውስጧ ቆየ። ተስፋውን አይቶ፣ ፍጻሜውን በትዕግሥት ጠበቀ።

የጳጉሜን ቤት

ክረምት ቤተሰብን በአንድ ጣራ ሥር ይሰበስባል። ሰው ብቻ ሳይሆን ጥጃውና ጠቦቱ፣ ዶሮውም ሳይቀር አብሮ ይጠለላል። እንጨቱ እርጥብ በመሆኑ ከነበልባሉ ይልቅ ጭሱ ይበረታል፤ እናቶች በምድጃ አጠገብ ዓይናቸው ቀልቶ ይውላል። ልብስ ታጥቦ ቶሎ አይደርቅም። ቁንጫ ይበዛል። ጣራው ያፈስሳል፤ ልጆችም ከሚያፈስሰው ሥር ዕቃ እየደቀኑ ያድራሉ። በጠባብ ቤት ለረጅም ጊዜ አብሮ የከረመ ሰው ደግሞ ይሰለቻቻል፤ ትንሽ ቃል ትልቅ ትሆናለች።

ጳጉሜን የዚህ ሁሉ መጽጃ ናት። ስሟ ተጨማሪ ከሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ በሦስቱ ዘመናት 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን ትሆናለች። ቀኖቿ ጥቂት ቢሆኑም የቤቱ ሥራ ግን ብዙ ነው። ግድግዳውና መደቡ በአዛባና በጭቃ ይለቀለቃል። ሰሌኑ፣ ቁርበቱና ብርድ ልብሱ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የምድጃው አመድ ይጠረጋል። የጠላው ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። አባት የላላውን ጣራ ያጠብቃል፣ አጥሩን ይጠግናል፣ በማሽላው መካከል ለወፍ መጠበቂያ የሚሆን ማማ ያቆማል። ልጆች ከወንዙ ዳር ቄጤማ ያጭዳሉ።

ከቤቱ ጽዳት ጋር የሰው ጽዳት ይከተላል። በጳጉሜን ማለዳ በወንዝና በጠበል መጠመቅ ከቀደሙት የተቀበልነው ልማድ ነው። ጾመ ዮዲት የሚባለውን የፈቃድ ጾም የሚጾሙም አሉ። በተለይ ጳጉሜን 3 ቀን፣ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፣ ርኅወተ ሰማይ ነው፣ ሰማይ ይከፈታል ተብሎ ስለሚታመን የዕለቱ ዝናም እንደ ጠበል ይቆጠራል። ልጆች ዝናሙ ሲጥል እየሮጡ ወጥተው ይጠመቁበታል። እናቶችም ከዝናሙ በንጹሕ ዕቃ ተቀብለው ሊጡ እንዲባረክ ከእርሾው ጋር ይቀላቅሉታል።

ስለዚህ የሩፋኤል ውኃ ስጽፍ በልጅነቴ ያየሁትን አንድ ነገር ማለፍ አልቻልሁም።

የአያቴ ውኃ

ነገሩ በ1980ዎቹ አጋማሽ የሆነ ነው። አባቴና ታላቅ ወንድሙ ማሳቸው አንድ ቦይ ላይ ነበር። በበጋው በመስኖ ተራ ተጣሉ። የአንዱ ተራ ሌሊት ነበር፤ ሌላው ውኃውን ሳይነጋ ወደ ራሱ ማሳ መለሰው ተባለ። ማን እንደ በደለ ዛሬም በትክክል አላውቅም። የማውቀው፣ ከግንቦት ጀምሮ ሁለቱ ወንድማማቾች እግዜር ይስጥልኝ እንኳ እንደማይባባሉ ነው። በሁለቱ ቤቶች መካከል የነበረውና እኛ ልጆች የምንሾልክበት የአጥር ቀዳዳ በእሾህ ተደፈነ። ክረምቱን በሙሉ የአጎቴን ልጆች ሳቅ ከአጥሩ ማዶ እየሰማን እኛ ከዚህ ወዲህ ቁጭ አልን።

የሁለቱ እናት የሆኑት አያቴ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ብዙ አይናገሩም። በዚያ ዓመት ዝናሙ ዘግይቶ በመግባቱ ጎታው ከወትሮው ቀድሞ ጎድሏል፤ እናቴ ለአውደ ዓመት የሚሆነውን ዱቄት ከነሐሴ ጀምራ በጣሳ እየለካች ታስቀምጥ ነበር። የሩፋኤል ዕለት ከቀትር በኋላ ዝናም ጣለ። አያቴ አዲስ ማሰሮ ይዘው ወጡና በግቢው መካከል ደቀኑት፤ ዝናሙ እስኪያባራ ድረስም ነጠላቸውን ተከናንበው አጠገቡ ቆሙ። ከዚያ ውኃውን በሁለት ከፈሉት። ግማሹን ለእናቴ ሰጡ። የቀረውን በቅል ቀድተው ለእኔ አስያዙኝና፣

«ሂድ፣ ለአጎትህ ሚስት ስጥ። ከአንድ ሰማይ የወረደ ነው፣ ሊጡ ውስጥ ጨምሪው ብላለች በላት» አሉኝ።

«አባዬ ቢቆጣኝስ?» አልሁ።

«እኔ እናቱ ነኝ፤ እኔን ይቆጣኝ» አሉ።

በዋናው በር ዞሬ ሄድሁ። የአጎቴ ሚስት ቅሉን ተቀብላ ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያም ምንም ሳትናገር ወደ ማጀት ገብታ ውኃውን ከሊጧ ጨመረች። ባዶውን ቅል ግን ባዶውን አልመለሰችውም፤ ከጓሮዋ የሸለቀቀችውን የበቆሎ እሸት ጨምራ ሰጠችኝ።

በዋዜማው ምሽት ከደጃችን «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አጎቴ ነበር። አባቴ ከተቀመጠበት ተነሥቶ በዝምታ ቆመ። ከዚያ፣ «አያ፣ ግባ እንጂ፤ ደጅ አይቆምም» አለ። አጎቴም፣ «እናቴን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» ሲል መለሰ። አያቴ ግን ለሁለቱም መቀመጫ አላስቀረቡም። «ውኃው ሄዷል፤ ወንዙም አፋር ገብቷል። እናንተ እስከ መቼ ነው ቆማችሁ የምትጠብቁት?» አሏቸው። ታላቁ አለቀሰ፤ ታናሹ ጉልበቱን ሳመ። የመስኖው ተራ ከዚያ ወዲህ በውኃ አባቱ ፊት እየተቆጠረ እንዲሰጥ ተስማሙ። በማግሥቱ የአጥሩ እሾህ ተነሣ።

በዚያ አውደ ዓመት በቤታችን ዶሮ አልታረደም። የበላነው የማሽላ ዳቦና የተጠበሰ እሸት ነበር። ሆኖም ከልጅነቴ በዓላት ሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ያን ነው።

አያቴ የሠሩት ነገር በወሎ አዲስ አይደለም። ነፍስ እስከ ማጥፋት የደረሰውን ከባድ ጠብ አበጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች ያበርዱታል። የቤት ውስጡን ቅያሜ ግን አበጋር አይደርስበትም፤ እርሱን የሚያበርደው የቤቱ ሰው ራሱ ነው። ለዚያም ከጳጉሜን የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ሰው ቤቱን ለቅልቆ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ቂሙን ግን ወደ አዲሱ ዓመት ይዞ ቢሻገር ጽዳቱ የግድግዳ ብቻ ይሆናል።

የጎታው ነገር

ወደ ጎታው እንመለስ። ሀብሩ በሰሜን ከቆቦ፣ በምዕራብ ከጉባ ላፍቶ፣ በደቡብ ከደቡብ ወሎ፣ በምሥራቅ ከአፋር ክልል ጋር ይዋሰናል። የመርሳ ማንጎና ብርቱካን በመንገደኛው ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። በቆቦና በግራና ሸለቆ ልማትም የከርሰ ምድርና የወንዝ ውኃ ለመስኖ ውሎ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርቱ ቤተሰቦች አሉ። የአብዛኛው ቤት መሠረት ግን እስከ ዛሬ ማሽላና ጤፍ ነው፤ እነርሱም የዝናም ልጆች ናቸው።

ለመድረስ ብዙ ወራት የሚወስደው የማሽላ ዓይነት በሚያዝያና በግንቦት ይዘራል። የበልጉ ዝናም ከቀረ ገበሬው እስከ ሐምሌ ይጠብቅና ፈጥኖ የሚደርሰውን ዓይነት ወይም ጤፍ ይዘራል። በዚሁ በሀብሩ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ድርቅን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ለማግኘት የሚደክመውም ስለዚህ ነው። አቀንጭራ የተባለው አረምም የማሽላውን ሥር እየጠባ የገበሬውን ድካም ከንቱ ያደርጋል።

ከሁሉ የሚያስጨንቀው ግን የዝናሙ አወጣጥ ነው። ማሽላው በሚያዘረዝርበትና ፍሬ በሚይዝበት ሰዓት ዝናሙ ቀድሞ ቢያቋርጥ አገዳው ቆሞ ይቀራል፤ ራሱ ግን ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የጳጉሜንና የመስከረም ዝናም በከተማ የበዓል ልብስ የሚያበላሽ መስሎ ቢታይ፣ በግራና የዓመት እንጀራ ነው። የወሎ ሽማግሌዎች የ1966ን እና የ1977ን ዓ.ም. ረኃብ በቀላሉ የማይረሱት ሰማዩ በሰዓቱ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ስላዩ ነው።

እንግዲህ ዓመቱ የሚጀምረው ከዚህ ሥጋት ጋር ነው። ልደትና ጥምቀት የሚመጡት ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ በእነርሱ ቀን ሰው ስላገኘው ያመሰግናል። በእንቁጣጣሽ ግን ገና ስላላገኘው ያመሰግናል። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ጎታ ሙሉ ሆኖ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ቀላል ነው፤ ጎታው እየጮኸ እንዲህ ማለት ግን እምነትን ይጠይቃል።

እምነቱም በቃል ብቻ የሚቀር አይደለም። በዚህ ሰሞን በግራና ከቤት ወደ ቤት የሚመላለሰው ጣሳ ምስክር ነው። እህል ያላት ለሌላት ታበድራለች፤ «ሲደርስ ትመልሺዋለሽ» ትላታለች። በቅሬና በማኅበር የተሳሰሩ ሰዎች ማን ቤት ጭስ እንዳልጨሰ ያውቃሉ። ቀድሞ የደረሰለት ሰው እሸቱን ላልደረሰለት ያካፍላል። ይህን ወለድ የሌለው የእናቶች ብድር ከአራጣ ለይተን ልናከብረው ይገባል። ለበዓል ሲባል በአራጣ ተበድሮ በግ ያረደ ቤተሰብ የመስከረምን ደስታ በታኅሣሥ ምርቱ ይከፍላል፤ ገና ያልታጨደውን እህል አስቀድሞ በላው ማለት ነው።

የበዓሉ ቀን

መስከረም 1 ቀን ሌሊት ቤተሰቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገሰግሳል። ከቅዳሴው ጋር የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት በባሕረ ሐሳብ ተቀምረው ለምእመናን ይነገራሉ። ይህን ስሌት ወላጆች ለልጆቻቸው በቤት ሊያሳዩአቸው ይችላሉ፤ አስቸጋሪ አይደለም።

2018 ዓ.ም.ን ለምሳሌ እንውሰድ። ዓመተ ኩነኔ የሚባለውን 5500 ስንደምርበት 7518 ይሆናል። ይህን ለ4 ስናካፍል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ቢካፈል ዮሐንስ ስለሆነ ዓመቱ ዘመነ ማርቆስ ነው። ቀጥሎ 7518ን እና 1879ን ስንደምር 9397 ይመጣል፤ ለ7 ስናካፍለው 3 ይተርፋል። ከማክሰኞ ጀምረን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን ስንቆጥር ሐሙስ ላይ እናርፋለን፤ የዓመቱ መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ነው።

ዕለቱን አስቀድሞ ማወቅ ለማጀቱም ይጠቅማል። እንቁጣጣሽ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ጾሙ አይሻርምና። በ2017 ዓ.ም. ረቡዕ ውሎ ስለነበር ማዕዱ የጾም ነበር፤ የ2019 ዓ.ም.ም ዓርብ ስለሚሆን እንዲሁ ይሆናል። እንዲህ ባለው ዓመት ዶሮው ለማግሥቱ ይቆያል፤ በዓሉ ግን ለማግሥቱ አይቆይም። የበዓሉ ክብር በወጡ ዓይነት ላይ እንዳልቆመ ለልጆች ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ትምህርት አይገኝም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ በቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ተፈልቶ ይጠብቃል። አባት ዳቦውን ባርኮ ይቆርሳል። ልጃገረዶች አበባዬ ሆይ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፤ ወንዶች ልጆች በቀለም የሣሉትን ሥዕል ለታላላቆቻቸው ያበረክታሉ። ትልልቆቹም ልጆቹን አገላብጠው ይመርቃሉ።

የሀብሩ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ሰፈር፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ የዘር ሐረግ የሚኖር በመሆኑ በዓሉ በአንድ አጥር ውስጥ አይወሰንም። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶች ለእንኳን አደረሳችሁ ይመጣሉ፤ ቡናው ለሁሉም ይቀርባል፤ ዳቦውም ይቆረሳል። ሥጋውን በሚመለከት ሁሉም የየራሱን ሥርዓት ያውቃል፤ ማንም ማንን አያስቀይምም። የዒድ ቀን ደግሞ ክርስቲያኖቹ በተራቸው ይሄዳሉ። ክረምቱን በአንድ ወንዝ ሙላት የተጨነቁ፣ በአንድ ዝናም የሚኖሩ ሰዎች በመስከረም ሊነጣጠሉ አይችሉም።

ከበዓሉ ማግሥት

በዓሉ ካለፈ በኋላ የቤተሰቡ ፈተና አያበቃም። መስከረም በቆላው የወባ ወር መግቢያ ነው። ዝናሙ ሲያቋርጥ ውኃው በየጉድጓዱና በየወንዙ ዳር ይተኛል፤ የወባ ትንኝም በዚያ ይራባል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ሕመሙ ይበረታል። ቤቱን ለበዓል ያጸዳ ሰው በደጁ የተኛውንም ውኃ ሊያፋስስ፣ አጎበሩንም ጠግኖ ሊሰቅል ይገባዋል። ልጅ ሲያተኩሰው በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ከጠበሉ ጋር የሚጣላ አይደለም፤ ባለመድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው።

ሁለተኛው ፈተና የትምህርት ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈትበትና ወፍ በማሽላው ላይ የሚወርድበት ወር አንድ ነው። በብዙ ቤት ልጁ ደብተሩን ይይዝ ወይስ ወንጭፉን ተብሎ ይመከራል። ቤተሰቡ ሁለቱንም ይፈልጋል። በፈረቃ የሚማሩትን በፈረቃ ማማ ላይ እያወጡ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እየተጋገዘ፣ አባትም ማለዳውን ራሱ እየጠበቀ ልጆቹን ወደ ትምህርት የሚልክ ቤት ብልህ ቤት ነው። የዘንድሮን እህል ለማዳን ሲባል የልጁን ዓመት ማጣት አይገባም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ሰው በቤቱ ሲያድር ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በደረሰ ጊዜ ብዙ የወልድያና የሀብሩ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ ወደ ደሴ ተሰደደ። የቀረውም በጭንቅ ውስጥ ነበር። መስከረም 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የዋለው በዚህ ሁኔታ ነው። በመጠለያ የዋሉት ቄጤማም ጠላም አልነበራቸውም። ያን እንቁጣጣሽ ያሳለፈ ሰው፣ የሚያፈስስ ጣራም ቢሆን የራስ ጣራ፣ ባዶ ጎታም ቢሆን የራስ ጎታ ምን ያህል ክቡር እንደሆነ ያውቃል። ከሁሉ አስቀድመን ሰላምን የምንለምነው ስለዚህ ነው።

ወደ መፀው

መስከረም 16 ቀን ደመራ ይደመራል፤ በማግሥቱ መስቀል ይከበራል። ከሀብሩ ጋር በሚዋሰነው አምባሰል፣ ግማደ መስቀሉ ባረፈበት በግሸን ደብረ ከርቤ፣ መስከረም 21 ቀን ከመላው አገሪቱ የሚመጡ ምእመናን ይሰበሰባሉ። መስከረም 25 ቀን ክረምቱ ያበቃል፤ በማግሥቱ መፀው ይገባል፤ ዘመነ ጽጌም ይጀምራል። በዘመነ ጽጌ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ ይታሰባል። አበባው በሚያምርበት ወቅት ስደተኛዋን እናት ማሰባችን፣ ደስታችን የተቸገረውን እንዳያስረሳን ነው።

ያን ጊዜ የግራና ማሽላ ራሱን ይደፋል። እሸቱ ከእሳት ላይ ይሸታል። ልጆች በማማው ላይ ወንጭፋቸውን ያጮኻሉ። እመቤቲቱም በጳጉሜን ዱቄት ያበደረቻትን ጎረቤቷን ታስባለች፤ አዲሱ እህል ሲገባ ከጎታው የመጀመሪያውን ጣሳ የምትሰፍረው ለእርሷ ነውና።

እንግዲህ በመግቢያችን ያነሣነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ቤተሰብ ጎታው በጎደለበት ሰሞን ዘመንን በደስታ የሚቀበለው በተለቀለቀ ቤት፣ በታረቀ ልብና ለጎረቤት በሚሰፈር ጣሳ ነው። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ በዓመት መጥፎም በዓመት ደግም ከማንም ቤት ሊጠፉ የሚገባቸው አይደሉም። በዚህ አውደ ዓመት በአጥራችን ቀዳዳ ላይ እሾህ ያለን ሁሉ እናንሣው፤ ዱቄት ያለንም ጎረቤታችንን እንጠይቅ።

ዘመኑን የሰላም፣ የጤናና የፍቅር ያድርግልን፤ የመስከረሙን ዝናም በልክ ያውርድልን፤ የገበሬውን ድካም ይባርክልን። አሜን።